ለሚመጣው ልጅ የትኛው ጥግ፣ በየትኛው ገንዘብ?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብና ብድር ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሂሳብ ክፍል ተነሣ ሲባል ማን ከፈለ፣ ማን ዕዳ አለበት የሚለው ሊነበብ ነው ብላችሁ የተሳቀቃችሁ ካላችሁ ዘና በሉ። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ተባዝቶ በየወንበሩ ተቀምጧል፤ ቤታችሁ ወስዳችሁ አንብቡት። እኛ ዛሬ የምንናገረው ስለ ሕፃን አልጋ፣ ስለ ግድግዳ ቀለምና ስለ መጋረጃ ነው።

እዚህ ርዕስ ላይ ያደረሰን የብድር ማመልከቻ ነው። ከመስከረም ወዲህ ከቀረቡልን ማመልከቻዎች ሦስቱ «የልጅ ክፍል ለማዘጋጀት» ይላሉ። መተዳደሪያ ደንባችን ለሥራ፣ ለሕክምናና ለትምህርት አበድሩ ይላል፤ ስለ ልጅ ክፍል ዝም ይላል። ደንቡ ዝም ባለበት የሂሳብ ክፍል እንደፈለገው መወሰን ስለማይችል ጉዳዩ ወደ እናንተ መጥቷል። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ያሰብነውን እንንገራችሁ።

በቅድሚያ፣ አመልካቾቹን የሚወቅስ ሰው እንዳይኖር። ነፍሰ ጡር ሴት ስልኳን ስትከፍት ነጭ አልጋ፣ ሮዝ ግድግዳ፣ ደመና የመሰለ መብራት ታያለች። ከዚያ ቀና ስትል ያለችበትን ቤት ታያለች። ሌላም ነገር አለ፤ አራስ ጥየቃ የሚመጣው ሰው ገንፎውን እየበላ ዓይኑ ቤቱን ይዞራል። የባል እናት ትመጣለች፣ የሥራ ባልደረባ ይመጣል። ልጄ ሰው ቤት የተወለደ ይምሰል ማለት ቅንጦት አይደለም። «ልጅ በእድሉ ያድጋል» የሚሉ እናቶቻችን አሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከእድሉ ጋር ደረቅ ፍራሽም ቢያገኝ አይጠላም።

አሁን ወደ ቤቶቻችን እንምጣ። አብዛኞቻችን የምንኖረው በሰርቪስ ቤት፣ በቀበሌ የጭቃ ቤት፣ ቢበዛ በኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ነው። ሦስት በአራት ሜትር በሆነ ቤት ውስጥ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ማእድ ቤት የሚያህል ጠረጴዛና አንዳንዴም የእህት ልጅ አለ። ስለዚህ «የልጅ ክፍል» የምንለው በእውነቱ የልጅ ጥግ ነው። ይህ ደግሞ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የሕፃናት ሐኪሞች የሚመክሩት ጨቅላ ልጅ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ነገር ግን በራሱ መኝታ ላይ እንዲተኛ ነው። ለብቻው የተዘጋጀ ውብ ክፍል ያላቸው ሰዎችም አልጋውን አውጥተው እናቲቱ ዘንድ እንዲያመጡ ይነገራቸዋል። እኛ ክፍሉ ስለሌለን ብቻ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነን።

ብድሩን በምሳሌ እንየው። እንበልና አንዲት እህታችን በስድስተኛ ወሯ 20,000 ብር ተበደረች። በአሥር ወር ትመልሳለች፤ በየወሩ 2,000 ብር፣ በላዩም ከቀሪው ዕዳ 1 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ። በመጨረሻ የምትከፍለው 21,100 ብር ነው። 1,100 ብሩ አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ቀን መቁጠሪያው ነው። አራተኛው ክፍያ የሚደርሰው አራስ ቤት ሳለች ነው፤ አምስተኛውና ስድስተኛው ገና ወደ ሥራ ሳትመለስ ይደርሳሉ። ተቀጥራ የምትሠራ ሴት በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ደመወዟ ሳይቋረጥ ታርፋለች። ጉልት የምትቸረችር፣ እንጀራ ጋግራ የምታስረክብ፣ ልብስ የምታጥብ እህታችን ግን ያረፈችበት ቀን ያልተከፈለችበት ቀን ነው። አልጋው ቤት ውስጥ ቆሞ እሷ ሰባት ወይም ስምንት ሳምንት ሳትቆይ ጀርባዋ ሳይጠና ጉልት ትወጣለች ማለት ነው። የሂሳብ ክፍሉ ብድሩን የሚቃወመው ለዚህ ነው እንጂ አልጋ ስለጠላ አይደለም።

ታዲያ በምን ይዘጋጅ? እርግዝና አርባ ሳምንት ነው። አንዲት እናት በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ላይ አወቀች ብንል ሃያ ስምንት ሳምንት ይቀራታል። ከሳምንታዊ ቁጠባዋ ውጭ 100 ብር ለልጁ ብታስቀምጥ 2,800 ብር ይሆናል። 50 ብር ከሆነም 1,400። በዚህ ገንዘብ ስልክ ላይ ያየችውን አታደርግም። በቅደም ተከተል ካወጣችው ግን የሚያስፈልገውን ታደርጋለች። ቅደም ተከተሉ ላይ ነው የምንቆየው።

የመጀመሪያው ነገር ገንዘብ አይጠይቅም፤ አየር ነው። በአገራችን አራስ ቤት ይዘጋል። ብርድ እንዳይመታት፣ ንፋስ እንዳይገባ ተብሎ መስኮቱ ይዘጋል፣ በሩ ሥር ጨርቅ ይወተፋል፣ ከዚያ ለሙቀት ከሰል ይገባል። ቡናው እዚያው ይፈላል፣ ዕጣኑ እዚያው ይጨሳል። ከሰል ሲቀላ ጭሱ አልቋል እንላለን። ጭሱ ቢያልቅም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ አላለቀም፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ እናትንም ልጅንም ተኝተው ሳለ ይወስዳል። በዚህ ከተማ ውስጥ ከሰል ቤት አስገብቶ ተኝቶ ስላልነቃ ሰው ያልሰማ አለ? ስለዚህ ማንደጃው ደጅ ይቀመጥ። ገንፎውም አጥሚቱም ደጅ ወይም ማእድ ቤት ተሠርቶ ይግባ። ቡናውን ለጠያቂ በረንዳ ላይ ብታፈሉ የሚቀየም ዘመድ የለም፤ ካለም ምክንያቱን ንገሩት። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ መሆኑን እናውቃለን፤ መኝታውን የጋለ ውኃ ባለበት የጎማ ከረጢት ቀድሞ ማሞቅ፣ ልጁን ከማስተኛት በፊት ከረጢቱን ማውጣት በቂ ነው። ግድግዳ ለማስቀባት ከማሰባችሁ በፊት መስኮታችሁ የሚከፈት መሆኑን እዩ። ዝጎ የማይከፈት መስኮት ያለው ቤት ብዙ ነው። ማንጠልጠያውን ማስቀየር ከማንኛውም ጌጥ ይቀድማል።

ቀጥሎ መኝታው ነው። የሕፃን መኝታ ጠጠር ያለና ለጥ ያለ ሆኖ ልጁ በጀርባው የሚተኛበት፣ ትራስ የሌለበት፣ አሻንጉሊት የሌለበት፣ ዙሪያው በስፖንጅ ያልተከበበ መሆን አለበት። ይህን ስታስቡት አብዛኛው የሚሸጠው ዕቃ ከዝርዝሩ ይወጣል። አልጋው ላይ የሚደረደረው ለስላሳ ነገር ሁሉ ለፎቶግራፍ እንጂ ለልጁ አይደለም፤ ለልጁ አደጋ ነው። ከቀርከሃ የሚሠራው ቅርጫት አልጋ ለመጀመሪያዎቹ ወራት በቂ ነው፤ ቀርከሃው ከእንጅባራም ከሲዳማ ደጋም ስለሚመጣ የአገር እጅ ያረፈበት ነው። ስታዝዙ ሰፊ ታች፣ የማይገለበጥ እግር በሉ፤ ስንጥሩ በደንብ ይላግ፣ ውስጡን በእጃችሁ ዳብሱት። አሮጌ ባለ ዘንግ የእንጨት አልጋ ያገኘችም ብትኖር በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ የለስላሳ ቆርቆሮ የሚያሳልፍ ክፍተት የልጅንም አካል ያሳልፋል። ፍራሹን ከስፖንጅ ስታስቆርጡ ጠጣሩን ምረጡ፤ ከጎን ጣት የሚያስገባ ክፍተት እንዳይተው ልክ አድርጋችሁ አስቆርጡ። ለአንሶላ አቡጀዲ ከበቂ በላይ ነው፤ ሙጫው እስኪለቅ ሁለት ሦስቴ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ በካውያ ተተኩሶ።

ለመጀመሪያ ልጅ እናታቸው ቤት የሚሄዱ እህቶችም አሉን፤ መተሐራ ወይም ወንጂ የምትሄድ አጎበር ከሻንጣዋ አይለያት። አዲስ አበባ ላይ የረሳነው ትንኝ እዚያ አልረሳንም።

ስለ ግድግዳ። ከጌጥ በፊት እርጥበት። ክረምት ላይ ውኃ የሚያስገባ ቆርቆሮ፣ ሻጋታ የያዘ ግድግዳ ካለ ቀለም መቀባት ሻጋታውን ልብስ ማልበስ ነው። ቆርቆሮው ይጠገን፣ ሻጋታው ይጠረግ፣ ከዚያ ኖራ ይቀባ። ኖራ ርካሽ ነው፣ ቤቱን ያበራል፣ ሻጋታንም ይቋቋማል። ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ነፍሰ ጡሯ አትቀባው፤ ከመውለዷም ሳምንታት ቀድሞ ይለቅ። የዘይት ቀለም የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ሊድ የሚባለው የእርሳስ ብረት ጉዳይ አለ። የልጅን አእምሮ ይጎዳል። በአገራችን ደንብ ቀለም ውስጥ ከሚሊዮን 90 እጅ በላይ እንዳይኖር ተወስኗል። ጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ተጽፎበት ያልመጣ ቀለም ከማን እንደተቀዳ አይታወቅም። አሮጌ የተላላጠ ቀለምን ነፍሰ ጡር ሴት አትፋቀው፤ አቧራው ነው ጉዳቱ። የማዳበሪያ ኮርኒስ ያላችሁም ከወሊድ በፊት አስወርዳችሁ አስረግፉት፤ ዓመት ሙሉ የተጠራቀመው አቧራ ሌሊት ሌሊት የሚወርደው ልጁ ላይ ነው። ከዚህ በላይ ግን በሰው ቤት ላይ ብዙ አታፍስሱ። የኪራይ ውል በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም ቢልም፣ አከራይ ሲያስወጣ ቀለሙን ፍቆ የሚሰጥ የለም። ተነቅሎ ከእናንተ ጋር በሚሄድ ነገር ላይ አውጡ።

አሁን ጌጡ ጋ ደረስን። «የሂሳብ ሰዎች ጌጥ አይወዱም» የምትሉ አላችሁ፤ እንወዳለን። ግን ማን እንደሚያየው ጠየቅን። አዲስ የተወለደ ልጅ አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያለውን ነው፤ ከጡት እስከ እናት ፊት ያለው ርቀት ማለት ነው። ግድግዳ ላይ የተሣለው ቀጭኔ ለእሱ ጭጋግ ነው። ደብዘዝ ያለው ሮዝና ሰማያዊም እንደዚያው። ዓይኑን የሚስበው ጥቁርና ነጭ፣ ደመቅ ብሎ የተለያየ ነገር ነው። ስለዚህ የልጁ ጌጥ አንድ ነጭ ካርቶንና አንድ ጥቁር ማርከር ነው፤ ክብ፣ መስመር፣ የዶሮ ዓይን የመሰለ ነገር ሣሉበትና ነቅቶ ሳለ ፊቱ አጠገብ ያዙለት። ከላይ የሚንጠለጠል ነገር የምትሠሩ ከሆነ እጁ በማይደርስበት ይሁን፤ በእጁ ተደግፎ ቀና ማለት ሲጀምር፣ በአምስት ወር ገደማ፣ ይውረድ።

የቀረው ጌጥ የእናትየው ነው። ይህን በግልጽ ማለት ጥሩ ነው፤ እናትየው ደስ የሚላት ነገር ማየቷ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ሕፃን በቀንና በሌሊት ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ ይጠባል። በዚያ ሁሉ ሰዓት የምታየው አንድ ግድግዳ አለ። እዚያ ግድግዳ ላይ የሰቀላችሁት ይታያል። ሽሮ ሜዳ ከጥበብ ሻጮች ዘንድ የተረፈ የጥበብ ቁራጭ በርካሽ ይገኛል፤ ነጭ አቡጀዲ መጋረጃ ጫፍ ላይ ሲሰፋ ቤቱን ይለውጠዋል። ስፌት የምትችል እህት ስንደዶና አክርማ ቀለም ነክራ ሁለት ትናንሽ ሰፌድ ብትሰፋ ከማንኛውም የፕላስቲክ ስቲከር ይበልጣል፤ ከልጁ አልጋ በላይ ግን ምንም አይሰቀል። የአትክልት ተራ የቲማቲም ሣጥን በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ ሁለቱ ሲደራረቡ የልጅ ልብስ መደርደሪያ ይሆናሉ። ከሁሉ የሚቀድመው ግን መደገፊያ ያለው ወንበር ነው። ዱካ ላይ ተቀምጦ ማጥባት ወገብ ይገድላል። ያገለገለ ወንበር፣ ጀርባው ላይ የታጠፈ አሮጌ ጋቢ፣ እግር ማሳረፊያ ዱካው ራሱ። ከ2,800 ብሩ ለወንበሩ ሳትሰስቱ አውጡ፤ ለግድግዳው ከ300 ብር አትለፉ።

መብራት ሲጠፋ ሻማና ኩራዝ ልጅ ያለበት ጥግ አይግባ፤ ቻርጅ የሚደረግ ትንሽ መብራት ይገዛ። ግድግዳው ላይ አንድ ነገር ደግሞ እንድትሰቅሉ እንጠይቃለን። የክትባት ካርዱን በላስቲክ አድርጋችሁ በሩ አጠገብ ስቀሉት፤ ስድስተኛ፣ አሥረኛ፣ አሥራ አራተኛ ሳምንት፣ ከዚያ ዘጠነኛ ወር። የልደት ምዝገባውም በ90 ቀን ውስጥ ስለሆነ ቀኑን ከጎኑ ጻፉ። ጠያቂ ሁሉ ያየዋል፤ አንዷ «ደረሰ እኮ» ትላችኋለች።

የሂሳብ ሰው ዓይን የሚያርፍበት ሌላ ቦታ አለ፤ እርጥቡ። ጨቅላ በቀን ስምንት ጊዜ ገደማ ይቀየራል፤ በወር 240፣ በሦስት ወር 720 ዳይፐር። ይህን በሱቅ ዋጋ አባዙትና ከሕፃን አልጋው ጋር አስተያዩት። አልጋ አንዴ ይገዛል፤ ዳይፐር በየቀኑ ነው። ስለዚህ ከቁጠባችሁ ግማሹን ለዚህ ለዩ። ቀን ቀን ጨርቅ፣ ሌሊት ዳይፐር ማድረግ ወጪውን ወደ ሩብ ያወርደዋል። ለጨርቁ አሮጌ ነጠላ በጣም ጥሩ ነው፤ ብዙ ስለታጠበ ለስላሳ ነው። እሱን ማስጫ ገመድ ደጅ ላይ ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ ከአከራያችሁ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ፤ ብዙ ጠብ የሚነሣው ከዚያ ነው።

አራስ ጥየቃ የሚመጣውስ? ሁላችንም የአንድ ወር ልጅ ልብስ ይዘን እንሄዳለን፤ ልጁ በሁለት ወሩ ሁሉም ይጠበዋል። ከአሁን ወዲህ የማኅበሩ አባላት በቡድን ሆነን አንዷ ወንበሩን፣ አንዷ ሳፋውን፣ ሦስት ሆነን የወር ዳይፐር እንድንይዝ፣ ቀድመንም እናቲቱን እንድንጠይቅ እናሳስባለን።

እዚህ ላይ «ልጅ ሳይወለድ ዕቃ አይገዛም» የሚሉ እናቶቻችን እንደሚነሡ እናውቃለን። አንከራከርም። ሐዘን ያየ ሰው ባዶ አልጋ ቤቱ ውስጥ ማየት ምን እንደሆነ ያውቃል። እኛ የምናቀርበው ሐሳብ ይህንንም ይመልሳል ብለን እናስባለን።

ሐሳቡ የሚዘዋወር የሕፃን ዕቃ ነው። ቅርጫት አልጋ ልጁ መገልበጥ እስኪጀምር፣ ከአራት እስከ አምስት ወር ያገለግላል። ከዚያ ባዶ ሆኖ አልጋ ሥር ይገባል። ዋጋው 4,000 ብር ነው ብንል፣ አንዷ ገዝታው ለአንድ ልጅ 4,000 ብር ነው። ማኅበሩ ገዝቶት በሁለት ዓመት አራት ልጅ ቢያሳድግበት ለአንድ ልጅ 1,000 ብር ይሆናል። በሦስት አልጋ፣ በሦስት ሳፋ፣ በሦስት ወንበር፣ በጥቂት መብራትና አጎበር እንጀምር። ዕቃው ማኅበሩ ግምጃ ቤት ይቀመጣል፤ ከእናቲቱ ቤት አይገባም። ልጁ በሰላም ሲወለድ በዚያው ቀን እናደርሳለን። ፍራሹ ብቻ አይዘዋወርም፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አዲስ ስፖንጅ ይቆረጣል። ዕቃው ሲመለስ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ውሎ፣ ለትኋን ታይቶ ይገባል። ለወጪውም ለገቢውም ፊርማ አለ፤ ይህን ለእኛ ተዉት።

ለደጋፊዎቻችን፣ በተለይ ከውጭ አገር በሻንጣ ለምትልኩልን፣ በምስጋና የምንለው ይህ ነው። የአልጋ ዙሪያ ስፖንጅ፣ ትራስና አሻንጉሊት ለመኝታ አንጠቀምበትም። ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት የድሮ አልጋ በአሜሪካ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ እንዳይሸጥ የታገደ ነው፤ እዚህም አይምጣ። የጣሳ ወተትና ጡጦም ይቅርብን፤ እናቶቻችን ስድስት ወር ጡት ብቻ እንዲያጠቡ ነው የምናበረታታው። የሚጠቅመን በሜትር የሚቆረጥ የጥጥ ጨርቅ፣ ቻርጅ የሚደረግ መብራት፣ አጎበርና የአንድ ቅርጫት አልጋ ዋጋ ነው። የምትልኩት ገንዘብ በየትኛው አልጋ ላይ እንደዋለና አልጋው ስንት ልጅ እንዳሳደገ በየዓመቱ በቁጥር እንነግራችኋለን።

ድምፅ የሚሰጥባቸው ጉዳዮች ሁለት ናቸው። የብድር ገንዘባችን ለልጅ ክፍል እንዳይውል፣ በምትኩም ከዓመቱ ትርፍ የሚዘዋወረው ዕቃ እንዲገዛ። ከሦስቱ አመልካቾች ጋር ተነጋግረናል። ሁለቱ ዕቃው ከመጣ ማመልከቻችንን እናነሣለን ብለዋል። ሦስተኛዋ አልተስማማችም፤ የራሷ ምክንያት አላት፣ እኛም ሰምተን ቀላል ሆኖ አላገኘነውም። ከድምፁ በፊት ራሷ እንድትናገር ጠይቀናታል፤ መድረኩ የእሷ ነው።